የሾፌር ቤት ወሬ ከመጨረሻው ይጀምራል

አባዬ፣

እማዬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ቤታችን እንዳለ ነው፣ ክረምቱንም ጣሪያው ሳያፈስ ከረመ። መጀመሪያ ይህን ካልነገርኩህ ሌላው ወሬ ጆሮህ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ አሁን ተመቻችተህ ስማኝ።

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ፣ ሦስተኛውም ደጅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ረመዳን እማዬ ለማፍጠሪያ ሦስት ሳህን ታቀርብና አንዱን መልሳ ታነሳው ነበር። በሁለተኛው ሳህኑን ተወችው፤ የሾርባው መጠን ግን እስከ ዛሬ አልስተካከል ብሏታል፣ ሁልጊዜ ተርፎ ለጎረቤት እንሰጣለን። ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። መኪኖቻችሁን ታቆሙበት የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ምን ሊሠራበት እንደሆነ አምስት ሰው ብትጠይቅ አምስት ነገር ይነግርሃል። ከባድ መኪኖቹ አሁን የሚያድሩት ወደ ቂሊንጦ መውጫው ነው። ከአዛኑ ቀድሞ እማዬን ይቀሰቅሳት የነበረው የሞተር ድምፅ ስለቀረ ስልኳ ላይ ደወል እየሞላሁላት ነው የምትተኛው፤ ደውሉ ሲጮህ ግን ሁለታችንም እንደነግጣለን። ስልክ እኛ ቤት እንደ ድሮው ዕቃ አይደለም።

እኔ አሁንም ቂሊንጦ፣ እዚያው ልብስ ፋብሪካ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነኝ። ጠዋት በሰርቪስ እሄዳለሁ፣ ማታ በሰርቪስ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ሰፈር ያለው ወጣት ማዕከል የፊልም ድርሰት ሥልጠና ሲከፍት ተመዘገብኩ። አንተ የመንገዱን ጉድ ስታወራ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ስጽፍ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታስከስሰኛለች» ትል አልነበር? ይኸው፣ ቀኑ ደረሰ።

ነገ ቅዳሜ የሥልጠናው ማብቂያ ነው። እያንዳንዳችን የጻፍነውን አዳራሽ ውስጥ ቆመን እናነባለን። ፊልም የሚያሠሩ ሰዎች መጥተው ይሰሙና ከሁላችን የአንዱን መርጠው ይቀርጹታል። የአንዱን ብቻ። የእኔ ድርሰት ስለ አንተ ነው፣ እማዬም መጥታ ልትሰማ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ምግብም አልበላ ብሎኛል፣ የጋዝ ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ፣ አላጠፋሁት ይሆን ብዬ ከመንገድ እመለሳለሁ። ፍርሃቴን ለማን ልንገር? ለእማዬ አይነገርም፣ ጉዳዩ እሷው ናትና። ስለዚህ ለአንተ ጻፍኩ።

አስተማሪያችን ሰናይት ትባላለች። ብዙ ዓመት ለቴሌቪዥን ድራማ ስትጽፍ የኖረች፣ ቀጭን፣ ስትናደድ ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ገብታ ያለችን «ፊልም ብቻ እያየ የሚጽፍ ሰው ያየውን ነው መልሶ የሚጽፈው፤ ስለዚህ ታነባላችሁ» ነበር። ከዚያ ማንበብ ያለብንን አንድ በአንድ ነገረችን። እኔ ደነገጥኩ። መጽሐፍ እንኳ አልፈራም፤ አንተ ጋላፊ የድንበር ወረፋ ላይ አንብበህ የጨረስከውን ሁሉ፣ ሽፋኑን ግራሶ እንደነካው፣ ለእኔ እያመጣህ ነው ያደግኩት። ያስደነገጠኝ፣ እሷ የመጽሐፍ ስም በጠራች ቁጥር ሌሎቹ ልጆች ራሳቸውን መነቅነቃቸው ነው። ሁሉም አንብበው ጨርሰዋል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ኋላ ስንቀራረብ አንዳቸውም አለማንበባቸውን ነገሩኝ፤ ራስ መነቅነቁን ግን በደንብ ይችሉበታል።

መጀመሪያ የያዝኩት ስለ ፊልም አጻጻፍ የሚያስተምረውን ወፍራሙን መጽሐፍ ነበር። በቴሌግራም ነው የተላከልን፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰርቪስ ውስጥ እየተናጥኩ፣ መዝገበ ቃላቱን በየመሀሉ እየከፈትኩ ነው ያነበብኩት። እስከዚህ ገጽ ድረስ ይህ መሆን አለበት፣ እስከዚያኛው ገጽ ድረስ ያ መሆን አለበት ይላል። ባለታሪኩ የሚፈልገው ነገር ሊኖር ይገባል፣ የሚከለክለውም ሊኖር ይገባል። ክፋት የለውም። እኔ ግን አበዛሁት። እማዬ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ እንኳ «የምትፈልገው ምንድን ነው? የሚከለክላትስ ማን ነው?» እያልኩ ማየት ጀመርኩ። የሚከለክላት የሽንኩርቱ ዋጋ ነው። ለአንድ ወር ያህል አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ፤ እጄን ባነሳሁ ቁጥር መጽሐፉ ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ ራሱን የፊልም ጽሑፍ አነበብን። ሰናይት ከድሮ ሥራዎቿ አንዱን ፎቶ ኮፒ አድርጋ አደለችን። አባዬ፣ እንደ ልብ ወለድ እንዳይመስልህ። «ውጭ፣ መንገድ፣ ቀን» ይልና ሁለት መስመር ጽፎ ያልፋል። መጀመሪያ ሳየው ያላለቀ መሰለኝ፣ የቀረውን ገጽ እንድትሰጠኝም ጠየቅኳት። ሰውየው ምን እንዳሰበ የለም፣ ምን እንደተሰማው የለም። የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ነው ያለው። ካዘነ፣ ሲያዝን ምን እንደሚያደርግ ፈልጎ ማግኘት የጸሐፊው ሥራ ነው። አንብባችሁ ድራማውን እዩት፣ አይታችሁ ደግሞ መልሳችሁ አንብቡት አለችን። ወረቀቱ ላይ «ዝም ትላለች» ብቻ የተባለበት ቦታ ተዋናይዋ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፤ ያንን ማንም አልጻፈላትም። ቦታ መተው እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የመድረክ ተውኔት ማንበብ ነው። ተውኔት ድምፅ አውጥቶ ነው የሚነበበው። ጓዳ ገብቼ የባልንም የሚስትንም ድርሻ እኔው እየተቀባበልኩ ስጮህ፣ እማዬ በስልክ ከሰው ጋር የተጣላሁ መስሏት ደጁን ከፍታ «ተይው ልጄ፣ ጨው ይቀምሳል ብለሽ ተይው» አለችኝ። ማን ምን ይቀምሳል እንዳለች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ የሰው አነጋገር ከሰው ሰው እንዴት እንደሚለይ ያስተማረኝ ያ ጓዳ ነው። አጫጭር ልብ ወለዶችንም አነበብን፤ እነሱ ደግሞ ምን እንደሚተው ያሳያሉ። ሰናይት የጋዜጣ የፍርድ ቤት ወሬም አንብቡ ትላለች፣ ምክንያቱም እዚያ ሰው የሚናገረው እንዲታመንለት ነው፣ ፊልም ውስጥም እንደዚያው ነው አለች። ከእኔ ኋላ የሚመጣ ልጅ ምን ላንብብ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በተውኔት ጀምር፣ ከዚያ አጫጭሩን፣ ከዚያ የፊልሙን ጽሑፍ ከፊልሙ ጋር፣ ወፍራሙን መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እለዋለሁ። ወፍራሙ መጽሐፍ የሠራኸው ነገር ስሙ ማን እንደሚባል ሲነግርህ ደስ ይላል፤ ገና ሳትሠራ ካነበብከው ግን እጅህን ያስረዋል።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ተመልካቹን አንጠልጥለው ይላሉ። መጨረሻውን አትንገረው፣ ያዘው፣ ደብቀው። እኔ የጻፍኩት ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቤቱ ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ሚስቱ ፊት ቁጭ ብሎ መብላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መንገዱ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሆነው ሁሉ የምንመለሰው። ሰናይት አንብባ መጣችና ልጆቹ ሁሉ ባሉበት «ሐያት፣ ሰውየው ደህና መግባቱን ገና በመጀመሪያው ገጽ ነገርሽኝ። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ጋለ።

ሰናይት ምን ታድርግ፣ የሾፌር ቤት አታውቅም። ሰው ሁሉ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል፤ እማዬ ዘንድ ነገር ከሥሩ ከተጀመረ አንድ ክፉ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንተ ከየትም ብትደውል የመጀመሪያው ቃልህ «ደህና ነኝ፣ መኪናውም ደህና ነው» ነበር፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቤት ስትገባም በሩ ላይ፣ ጫማህን ሳታወልቅ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ገባሁ» ትላለህ፣ ወሬው ኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ያለህ ቀን መጀመሪያ ያደረግከው ሁለት እጅህን ለእማዬ ዘርግተህ «ጣቶቼን ቁጠሪያቸው፣ ሙሉ ናቸው» ማለት ነበር። እሷም የምሯን ቆጠረች። ከዚያ ታሪኩን ስታወራ፣ መኪናው ሲንደረደር፣ አንተ ማርሽ ስትቀንስ፣ ከፊትህ የግመል መንጋ ሲሻገር፣ እማዬ እያኘከች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትል ነበር። መትረፍህንማ ፊታችን ተቀምጠህ እያየንህ ነው፤ እንዴት እንደተረፍክ ለመስማት ነበር የምንጓጓው። እኔ ያደግኩበት ድራማ ይኼ ነው። እማዬ ዛሬም ተከታታይ ድራማ የምታየው ጎረቤት መጨረሻውን ከነገራት በኋላ ነው። «ሲኒማ ቤት ብወስዳት ትኬት ቆራጩን ማን እንደሚሞት ትጠይቀዋለች» እያልክ ትስቅባት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ነገሩ ከሥሩ ነበር የተጀመረው። አንተ አታውቀውም፤ ማንም አልነገረህምና እኔ ልንገርህ።

የደወለው የመንገድ ጓደኛህ ከድር ነው፣ ሁልጊዜ ከኋላህ እየተከተለ የሚነዳው። እማዬ እጇ ላይ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ከፍቼ ድምፁን ለሁለታችን አደረግኩት። ከድር ሰላምታውን አበዛ። «ዘሐራ፣ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ጎረቤት እንዴት ነው» አለ። ከዚያ «ትናንት ከጅቡቲ ወጣን፣ ጋላፊ ወረፋው ብዙም አልነበረም፣ ሎግያ ስንደርስ መሸብን፤ እራት በላን፣ እሱ እንደ ልማዱ ሩዙን በወተት አዘዘ» ማለት ጀመረ። እማዬ ሊጡን ከጣቶቿ አራገፈች፣ ራሷን ተከናነበች፣ የውሃው ጀሪካን ጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ገና አልገባኝም ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ትቼ እሷን ላነሳት ስታገል ከድር አሁንም ያወራል፤ ሻዩ እንዴት እንደነበረ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደነበረ። አንድም ቦታ አልሮጠም፣ አንድም ቦታ አልዘለለም።

ኋላ እንደሰማነው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከመስጊድ ወደ እኛ እየመጡ ነበር። ከድርን «እስክንደርስ በወሬ ያዛት፣ ሌላ ሰው ደውሎ እንዳይነግራት» ብለውት ነበር። እሱም ምስኪን ያዘን። እነሱ በሩ ላይ ሲደርሱ እማዬን ቀድማ አውቃ ስታለቅስ አገኟት። አንተ በጋቢናህ ውስጥ ተኝተህ አልነቃህም። ሀገሩ ሙቀት ስለሆነ በዚያው ቀን፣ በዚያው በሎግያ፣ ጓደኞችህ ቀበሩህ። እማዬ ከወራት በኋላ በከድር መኪና ሄዳ ቦታህን አይታ መጣች። ምን ይመስላል ስላት «ነፋስ አለው» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ አልሄድኩም። አልቻልኩም አባዬ።

ታዲያ ሰናይት የሰጠችንን ሳነብ ከድር ትዝ ይለኛል። እነዚያ መጻሕፍት ሁሉ የሚያስተምሩትን ከድር በዚያን ጠዋት ያለ መጽሐፍ አድርጎታል። ደብቋል፣ ይዟል፣ አንጠልጥሏል። መጽሐፉ ይህን ጥበብ ይለዋል። እኔ ደግሞ ሰርቪሱን አስቁሜ መውረድ ያምረኛል።

ቢሆንም የሰናይትን ቃል ሰማሁ። ሥልጠናው እንዲያመልጠኝ፣ ዕድሉም እንዲያልፈኝ አልፈለግኩም፤ ዕድሜዬን ሁሉ ግምጃ ቤት ውስጥ ክር ስቆጥር ልኖር ነው ወይ? የሾፌሩን መግባት ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ መጨረሻ ላይ አደረግኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ጽሑፉ ነፍስ ዘራ። እኔው የጻፍኩትን እኔው ሳነብ ልቤ ተንጠለጠለ። ሰናይትም ወደደችው። ከድር የሚደውልበትን ገጽ በተለይ፣ ሚስትየዋ ቁጭ ስትል ያለውን፣ «ይህን ገጽ ማንም አያስተምርሽም» አለችኝ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰውየው ሲገባ አላመንኩትም» አለች። ጓደኛው ያን ሁሉ ካወራ በኋላ፣ ሴትየዋ ያን ያህል ካለቀሰች በኋላ፣ ሰውየው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ለካ ስህተት ነበር ይባላል። የጻፍኩት እንዲህ ነው። ስለ አንተ ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ታሪኩን ከራሴ የፈጠርኩት ነው የሚመስላት።

ያን ቀን ከወጣት ማዕከሉ እስከ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት። ባጃጅ ቢጠራኝም አልሰማሁም። እየደጋገምኩ የጻፍኳቸውን ሁሉ አስታወስኩ፤ በመጀመሪያው ገብተሃል፣ በሁለተኛው ገብተሃል፣ በሦስተኛውም ገብተሃል። የቤታችንን ልማድ የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አንተን ቤት ለማስገባት ነው ያን ሁሉ የምጽፈው። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ አንዲት ሴትዮም ዕቃዋን አስቀምጣ ውሃ ሰጠችኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌላ መጨረሻ ጻፍኩ። በምሳ ሰዓት፣ ካርቶን ላይ ተደግፌ ነው የጻፍኩት። ሰውየው አይገባም። ይህች መስመር ሦስት ቃል አትሞላም፤ እሷን ግን ስንት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኳት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ የምፈራው ቀድሞ የደረሰውን ነው። ብጽፈው ዳግመኛ የምትሞት ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እማዬ እስከ ትናንት አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው የመጀመሪያውን ገጽ ነበር፣ ሰውየው ገብቶ እግሩን የሚታጠብበትን፣ አንብቤላት «እሰይ» ያለችውን። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የአባቷን ፊልም ልታነብ ነው» ብላ አውርታለች፣ የምትለብሰውንም ቀሚስ አስተኩሳ ሰቅላለች። ነገ በሰው መሀል ተቀምጣ፣ ይገባል ብላ እየጠበቀች፣ ስልኩ ሲደወል፣ ከድር ስለ ሩዙ ሲያወራ አሰብኩት። ቀኑ ተላልፏል ብዬ ልዋሻትም አሰብኩ። ወይም ለነገ ብቻ አሮጌውን መጨረሻ ላንብብ፣ ቢፈልጉ አይምረጡኝ አልኩ። ሦስት ቀን እንዲህ ስገላበጥ ሰነበትኩ።

ትናንት ከሥራ ስገባ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ሰላም ሳልላት፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ «እማዬ፣ ፊልሙ ላይ ሰውየው አይገባም» አልኳት።

ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ እጇ ቆመ። «የት ላይ ነው?» አለችኝ። ሎግያ አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ምን ነካሽ፣ አንድ ጊዜ አልበቃንም ወይ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን ወደ ጎን አድርጋ «ለሚስቱ ማን ይነግራታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጓደኛው ነው፣ በስልክ፣ እንደነበረው አድርጌ ነው የጻፍኩት አልኳት። አንብቢልኝ አለች።

ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ሰናይት ማንም አያስተምርሽም ያለችኝን ገጽ፣ ያለኝን ሁሉ የጣልኩበትን። ሰላምታውን፣ ወረፋውን፣ ሩዙን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም አነበብኩ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ። «ቆንጆ ነው የጻፍሽው። ግን አሳጥሪው። ያችን ሴትዮ እንደኔ ቁጭ አታድርጊያት። ደወለ፣ ነገራት፣ በቃ። የፈለግሽውን ሁሉ ሌላው ላይ አንጠልጥይ፣ እሷን ግን ቶሎ ንገሪያት።» ከድርን ወቅሳው አታውቅም፣ ትናንትም አልወቀሰችውም። «እሱ ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው» ብላ ምስሯን መልሳ ያዘች። ነገ መቅረት ብትፈልጊ ይገባኛል ስላት ገረማት፤ «ለምን እቀራለሁ፣ አሁንማ አውቄዋለሁ» አለችኝ።

አባዬ፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ተቀምጬ ያን ገጽ ቆረጥኩት። አሁን ስልኩ ይደውላል፣ ጓደኛው «ዘሐራ፣ ሰይድ አረፈ፣ እዚህ ሎግያ ነን» ይላል፣ ሴትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዛለች። ይኼው ነው። ሰናይት አላየችውም። ነገ ስትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን እንደምትለኝ አላህ ያውቃል። ሊያስመርጠኝ ይችል የነበረውን ገጽ በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ፣ ሊመርጡኝም ላይመርጡኝም ይችላሉ። መልሼ ልተካው ይሆን እያልኩ ዛሬ ብቻ ወረቀቱን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አልነግርህም። አልተካሁትም። እነዚያ መስመሮች ጋ ስደርስ ድምፄ እንዳይሰበር፣ የአንተንም ስም ጥርት አድርጌ እንድጠራ ዱዓ አድርጌያለሁ።

እስከ ዛሬ ሳስብህ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆመህ ነበር የማይህ፣ ጫማህን ሳታወልቅ፣ ይኸው ገባሁ ስትል። ለብቻዬ ስሆን ያንን ማየት አልተውም፣ ማንም አያስተወኝም። ለሰው ስነግር ግን ከእንግዲህ እውነቱን ነው የምናገረው። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ እማዬን ይዤ ሎግያ እመጣለሁ፣ ነፋስ ያለበትን ቦታህን በዓይኔ አያለሁ፣ ኢንሻአላህ። አልደረስክም፣ አባዬ። ጽፌዋለሁ፣ ነገም ሰው ፊት ቆሜ እለዋለሁ፤ እንዳልደረስክ እያወቅኩ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሐያት
አቃቂ